እናትን የሚያድን፣ ሕፃንን የሚጎዳ አዮዲን

ባለፈው ወር የአንድ ተማሪዬ አባት ከትምህርት ሰዓት በኋላ መጥተው ያሳሰባቸውን ነገር አጫወቱኝ። ባለቤታቸው በአንገታቸው ዕጢ ላይ ካንሰር ተገኝቶባቸው ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣላቸው በኋላ፣ ሐኪሞች ጨረር ያለው አዮዲን እንዲውጡ አዝዘውላቸዋል። ከዋጡም በኋላ ለጥቂት ቀናት የሦስት ዓመት ልጃቸውን እንዳያቅፉና ለብቻቸው እንዲተኙ ተነግሯቸዋል። ይህን የሰሙት የሕፃኑ አያት ግን «ሕፃኑን የሚጎዳ ነገር እናቱን እንዴት ያድናል? ይህስ መርዝ እንጂ መድኃኒት አይደለም» ብለው ምራታቸውን ወደ ሐኪም ቤት ከመሄድ ከለከሏቸው።

የአያቲቱ ጥያቄ የሚናቅ አይደለም። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ በዚሁ ጥያቄ ውስጥ ስለሚገኝ፣ መልሱን ለሌላውም ቤተ ሰብ እንዲጠቅም በዚህ ዓምድ አቀርበዋለሁ።

በአንገታችን ፊት ለፊት፣ ከማንቍርት በታች፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ የምትመስል አንዲት ዕጢ አለች። ሐኪሞች ታይሮይድ ይሏታል፤ ስታብጥ የሚታየውን ግን ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ እንቅርት ብሎ ያውቀዋል። ክብደቷ 20 ግራም ያህል ቢሆን ነው፤ ነገር ግን የምታመነጨው ሆርሞን የሰውነትን ሙቀትና የልብን ምት፣ የሕፃናትንም የአካልና የአእምሮ እድገት ይመራል። ይህን ለመሥራት አዮዲን ያስፈልጋታል። ለአንድ ዐዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም፣ ማለት አንድ ግራም ከሚሊዮን ቢከፈል 150 እጁ ብቻ ነው። ስለዚህ ዕጢዋ በደም ውስጥ የሚያልፈውን አዮዲን አንድም ሳታባክን እየለቀመች ታከማቻለች።

እንግዲህ አዮዲን 131 የተባለው ባለ ጨረር አዮዲን በጠባዩ ከምግቡ አዮዲን ጋር አንድ ስለ ሆነ፣ ዕጢዋ ለይታ ልታውቀው አትችልም፤ እንግዳውን እንደ ቤተ ሰብ ታስገባዋለች። እርሱም ከገባ በኋላ ቤታ የሚባለውን ጨረር ይረጫል። ይህ ጨረር በሥጋ ውስጥ ከሁለት ሚሊሜትር ገደማ በላይ ስለማይጓዝ፣ ጉልበቱን የሚያሳርፈው በዚያችው ዕጢ ሕዋሳት ላይ ነው። መጠኑ ብዙ ሲሆን ሕዋሳቱን ይገድላል። ሲያንስ ደግሞ ሳይገድል በሕዋሱ ውስጥ ያለውን የዘር መመሪያ ያበላሻል፤ ያም ጥፋት ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሆኖ ሊወጣ ይችላል። በየስምንት ቀኑም ኀይሉ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል።

የዚህን ጉዳት ዓለም የተማረው በመከራ ነው። ሚያዝያ 18 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ የሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ከመንጋቱ በፊት፣ በዩክሬን ምድር በቼርኖቢል የሚገኘው የአቶም ኀይል ማመንጫ ፈነዳ። አዮዲን 131 በነፋስ ተጉዞ በግጦሹ ላይ ወረደ፤ ላሞች ሣሩን በሉ፤ ሕፃናትም ወተቱን ጠጡ። የሕፃን ዕጢ ትንሽ ስለ ሆነች፣ ያው መጠን በእርሷ ላይ እጅግ ይበረታል። በዚያ አካባቢ ምግቡ አዮዲን ያነሰው ስለ ነበረ ደግሞ የተራበችው ዕጢ አብልጣ ወሰደች። ከአራት ዓመት ያህል በኋላ ካንሰሩ ይታይ ጀመር። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ በቤላሩስ፣ በዩክሬንና በአጎራባቹ የሩስያ ክፍል፣ በአደጋው ጊዜ ልጆች ከነበሩት መካከል ከ6,000 በላይ የሚሆኑት የዚህ ዕጢ ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ የብዙዎቹም ምክንያት ያ ወተት ነበር። በፖላንድ ግን ከ10 ሚሊዮን ለሚበልጡ ልጆች ጨረር የሌለው አዮዲን ቶሎ ስለ ተሰጣቸው፣ ዕጢያቸው አስቀድሞ ጠገበና ለእንግዳው ስፍራ አጣች።

አያቲቱ ሊሰሙት የሚገባው ግን የሚከተለው ነው። ከታመሙት ከእነዚያ ልጆች አያሌዎቹ፣ ዕጢያቸው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የታከሙት በዚያው በአዮዲን 131 ነው። በጊዜው ከታከሙትም እጅግ የሚበዙት በሕይወት ተርፈዋል። ከቀዶው የተረፉት የዕጢዋና የካንሰሩ ሕዋሳት የትም ተሸሽገው ቢገኙ፣ አዮዲኑን ፈልገው ይውጡትና በዋጡት ይሞታሉ። በባለ ጨረር አዮዲን ማከም የተጀመረው በ1933 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሲሆን፣ ዶክተር ሳውል ኸርትዝ ዕጢዋ ከልክ በላይ ለምትሠራባቸው ሕሙማን ሰጡት። ስለዚህ መርዝና መድኃኒት የሚያሰኘው መጠኑና የሚቀበለው ሰው ነው።

ሕፃኑ ለምን ይራቅ ቢሉ፣ ጋማ የተባለው ሌላው ጨረር ከሕመምተኛዋ አካል አልፎ ይወጣል፤ አዮዲኑም በሽንት፣ በምራቅና በላብ ይወገዳል። ስለዚህ ሐኪሙ እስከ ወሰነው ቀን ድረስ ከሕፃናትና ከነፍሰ ጡሮች መራቅ፣ መጸዳጃውን ደጋግሞ በውሃ ማጠብ፣ የመብሉንና የጸበሉን ዕቃ መለየት ይገባል። ይህ ቀን የሚቈጠርለት ጥንቃቄ እንጂ ተላላፊ በሽታ ወይም ርኵሰት አይደለም፤ እናቲቱን የሚሸሽ ጎረቤት በደልን ይሠራል።

መድኃኒቱ ለነፍሰ ጡር ከቶ አይሰጥም፤ ፅንሱ ከሦስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ በራሱ ዕጢ አዮዲን ይስባልና። የምታጠባም እናት አስቀድማ ለሐኪሟ ትንገር፤ ጡትም አዮዲንን ይሰበስባል። የምራቅ ዕጢዎችም እንዲሁ ስለ ሆኑ፣ አንዳንድ ሕመምተኛ ከጆሮው ሥር ያብጣል፤ አፉም ይደርቃል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ የሚባለው ተረት በዚህ ጊዜ እውነት ይሆናል፤ ቢሆንም ለሐኪም ቢነገር ይታከማል። ዕጢዋ የወጣችላት ሴት ሆርሞኑን በክኒን መልክ ዕድሜዋን ሙሉ ትወስዳለች።

በቤታችንም ልናደርገው የሚገባ አለ። ዕጢዋ አዮዲን እንዳትራብ አዮዲን ያለውን ጨው እንግዛ፤ በክዳን ዕቃ እናስቀምጠው፤ ወጡ ሊወርድ ሲልም እንጨምረው።

ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ ጥበበ ሕክምናን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና ጸሎትና መድኃኒት አይጣሉም። የተማሪዬ አያት ይህን ሁሉ ከልጃቸው አፍ ከሰሙ በኋላ፣ «እንግዲያስ ትሂድ፤ ሕፃኑ በእኔ ጉያ ይተኛል» አሉ። የእናትን መታቀፍ ለጥቂት ቀን ተክቶ እናትን ለብዙ ዘመን ማትረፍ፣ የቤተ ሰብ ሥራ ይህ ነው።