የተረፉት ሰባት ቦሎኖች

በዚህ ዐምድ ዘወትር ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ሥርዓት ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ግን የራሳችንን ጥፋት ልንናዘዝ ነው። ለንስሓ አባታችን አስቀድመን ነግረን ቀኖናችንን ስለ ተቀበልን፥ ለእናንተ የምንነግራችሁ እንድታዝኑልን አይደለም፤ ብትስቁም አንቀየምም።

የምንኖረው በመቀሌ፥ በሓወልቲ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው 51 ሜትር ቁመት ካለው የሰማዕታት ሐውልት ነው። በግቢያችን አንዲት ቶዮታ ኮሮላ አለች፤ በካርቡሬተር የምትሠራ፥ ዕድሜዋም ከበኵር ልጃችን ዕድሜ የሚበልጥ ናት። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ነዳጅ ወደ ትግራይ መግባቱን ባቆመ ጊዜ፥ ባንኩም ስልኩም በተዘጋ ጊዜ፥ በሸራ ሸፍነን አቆምናት። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ ነዳጁ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የመምህራን ውዝፍ ደመወዝ ግን እንደ ነዳጁ አልተመለሰም። ስለዚህ መኪናይቱ በሸራዋ ውስጥ እንዳለች ሌላ ዓመት ተጨመረባት።

በኅዳር 2016 ዓ.ም. እናታችን ነገሩን አነሡ። በዚያ በጨለማው ወራት ለአክሱም ጽዮን ተስለው ነበርና፥ «ኅዳር 21 ሳይደርስ አድርሱኝ፤ ለከርሞ ማን ያውቃል?» አሉን። እናታችን ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው ናቸው። እንዲህ ያለውን ቃል ሰምቶ «ገንዘብ የለንም» ብሎ መመለስ ለልጅ ከባድ ነው። ስለዚህ መካኒክ ሳንጠራ ራሳችን እንጠግናታለን ብለን ተነሣን።

ብቻችንን አልነበርንም። ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ቮልስዋገን ይነዱ ነበር። ስለዚያች ቮልስዋገን ያልሰማ የሰፈራችን ሕፃን የለም። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ የሚያቀዘቅዛት ነፋስ እንጂ ውሃ አይደለም፤ ከማርሽ ሳጥኗ ጋር የሚያያይዟት አራት ቦሎኖች ብቻ ስለ ሆኑ፥ ሁለት ሰዎች ፈትተው ያወርዷታል። ጎረቤታችንም በአንድ ፒንሳና በአንድ ክንድ ሽቦ ስንት ጊዜ እንዳስነሧት በእውነት ይናገራሉ፤ ውሸት የላቸውም። ስሕተታችን እዚህ ላይ ነበር፤ የአንዲቱን መኪና ጠባይ የሚያውቅ ሰው የሁሉንም የሚያውቅ መሰለን።

ኅዳር 17 ቀን ከትምህርት ቤት መልስ ሸራውን አነሣን። ቤንዚን ለብዙ ጊዜ ሲቆም ቀላሉ ክፍሉ ይተንና የቀረው እንደ ሙጫ ይወፍራል። ካርቡሬተሩን ፈትተን ጠባብ ቀዳዳዎቹን በመርፌ ጠረግን፤ አይጥ የቈረጠውን የነዳጅ ቱቦ ለወጥን፤ ባትሪ ተዋስን። መኪናይቱ ሁለት ጊዜ አስላትና ተነሣች! ልጆች አጨበጨቡ፤ እናታችን እልል አሉ። በዚያች ሰዓት ትተነው በነበረ ኖሮ ይህ ጽሑፍ ባልተጻፈ ነበር።

ዳሩ ግን ራዲያተሩ ያንጠባጥባል። ጎረቤታችን፥ «አይዞህ መምህር፥ የእንቁላል ነጭ ነው መድኃኒቱ» አሉን። ውሃው ሲፈላ ነጩ ይበስልና ቀዳዳውን ይደፍናል ይባላል፤ ይህን ያደረጉ ሹፌሮች መኖራቸውን እኛም ሰምተናል። ነገር ግን ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበር፤ በቤታችን እንቁላል ከወዴት ይመጣል? «መኪና ትጾማለች ወይ?» የሚል ክርክር ተነሣ። ጎረቤታችን አትጾምም አሉ፤ እናታችን ደግሞ እኔን ጭና ጽዮን የምትሄድ ከሆነች ትጾማለች አሉ። በመጨረሻ የጾም ምግብ ይፈለግ ተባለና፥ ጎረቤታችን እናታችን ለመንገድ ስንቅ ያዘጋጁትን በሶ፥ በትግርኛ ጥሕኒ የሚባለውን የተቈላ የገብስ ዱቄት፥ ሁለት ጭልፋ ዘግነው በራዲያተሩ አፍ ጨመሩት።

ማንጠባጠቡ ወዲያው ቆመ። ይህን መካድ አይገባንም። እየተደሰትን እስከ ሐውልቱ ነዳናት፤ ስንመለስ ግን የሙቀቱ መርፌ ከቀዩ መስመር አልፎ ነበር። ራዲያተር የጋለውን ውሃ በቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እያሳለፈ ነፋስ እንዲያቀዘቅዘው የሚያደርግ ዕቃ ነው፤ እኛ ግን ገንፎ አገንፍተንበታል። ኮፈኑን ስንከፍት የወጣው እንፋሎት ደስ የሚል የገብስ ሽታ ነበረው።

በማግሥቱ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዘዝነው። ጥቁር መሆን የሚገባው ዘይት እንደ ማኪያቶ ነጥቷል። ልጃችን አይቶ፥ «አባባ፥ መኪናችን ጾሟን በወተት ገደፈች» አለ። የብረቱ ነገር ግን የሚያስቅ አልነበረም። የሞተሩ አካል ብረት፥ ራሱ ደግሞ አሉሚንየም ስለ ሆነ፥ ሙቀት ሲበዛ ራሱ ይጣመማል፤ በመካከላቸው ያለው መድፈኛ ይቃጠላል፤ ውሃና ዘይትም ይቀላቀላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ እንውጣ። መካኒኮቻችን ይህን ራስ ቴስታታ፥ መድፈኛውን ጓርኒሲዮን ይሉታል። ጣልያኖች በ1933 ዓ.ም. ቢወጡም የመኪናው ቋንቋ በጋራዡ ቀርቷል። ቴስታ ራስ ማለት ነው፤ መርሚታ ድስት፤ ካንዴላ ደግሞ ሻማ ማለት ነው። ብዙ ዘመን ሻማ ስናበራ ያደግን ሰው ስለ ሆንን፥ በሞተር ውስጥ አራት ሻማ እንደሚበራ ባወቅን ጊዜ እጅግ ደስ ብሎን ነበር።

ወደ ጥፋታችን እንመለስ። ቴስታታውን ፈታነው። አዲስ ጓርኒሲዮን መግዣ ስላልነበረን አሮጌውን በሲሊኮን ለቅልቀን መለስነው፤ ሲሊኮኑም ተርፎ ወደ ውሃ መተላለፊያዎቹ ገባ። የቴስታታ ቦሎኖች ከመካከል ተጀምረው ወደ ዳር፥ በየተራ፥ ጥብቀቱን በሚለካ ቁልፍ ነው የሚጠብቁት። እኛ ግን ከአንድ ዳር ጀምረን ባለን ኃይል ሁሉ አጠበቅን። ሥራው ሲያልቅ በሰሐኑ ላይ ሰባት ትንንሽ ቦሎኖች ቀሩ። ጎረቤታችን አገላብጠው አዩአቸውና፥ «ጃፓኖች ጠንቃቆች ናቸው፤ ትርፍ ያደርጋሉ» አሉ። እኛም አመንን። ሒሳብ አስተማሪ ሲናገር ማን ይቃወማል?

የካንዴላውን ገመዶች የመለሱትም እርሳቸው ናቸው፤ በቃላቸው፥ ያለ አንዳች ማመንታት። በቮልስዋገን እሳቱ የሚበራው በ1፥ 4፥ 3፥ 2 ተራ ነው። በኮሮላ ግን 1፥ 3፥ 4፥ 2 ነው። የሁለት ገመድ መቀያየር ብቻ ነው፤ ሆኖም እሳቱ በማይገባው ጊዜ ስለሚበራ፥ ያልተቃጠለው ቤንዚን ወደ ጭስ ማውጫው ይሄዳል።

ኅዳር 19 ቀን ወደ ማታ ቁልፉን አዞርን። ሞተሩ ተንገራገጨ፤ ከዚያም መርሚታው ፈነዳ። ድምፁ እንደ ከባድ መሣሪያ ነበር።

በዚህች ከተማ እንዲህ ያለ ድምፅ ምን እንደ ሆነ አንባቢ አይነገረውም። መንገዱ በአንድ ቅጽበት ባዶ ሆነ። በራችን ፊት ሽንኩርት የምትሸጥ እናት ልጇን ከሥሯ አድርጋ፥ እጇን በራሱ ላይ ጭና፥ በሽንኩርቷ ላይ ተኝታ ነበር። የእኛም ልጆች አልጋ ሥር ገብተዋል፤ ማንም ሳያዛቸው፥ ትንሹ እንኳ ቦታውን ያውቀዋል።

ወጥተን ወደ ሴቲቱ ሄድን። ቀና ብላ፥ «መኪና ነው?» አለችን። «መኪና ነው፥ ይቅር በይን» አልናት። «እግዚአብሔር ይመስገን» አለችና አቧራዋን አራገፈች። ከጎረቤታችን ጋር ተንበርክከን የተበተነውን ሽንኩርት ለቀምንላት። ሦስታችንም ምንም አልተነጋገርንም። ከዚያ በኋላ ቁልፉን ለማዞር እጃችን እንቢ አለ።

እናታችን በማግሥቱ ሌሊት በሚኒባስ ወደ አክሱም ሄዱ፤ የተረፈውን በሶ ይዘው። መኪናይቱ ደግሞ በሌላ መኪና ተጐትታ ጋራዥ ገባች። መካኒኩ ልጅ እግር ነው፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ አሸተተ፥ ወደ እኛም ተመለከተ፤ ሥነ ሥርዓት ያለው ልጅ ስለ ሆነ ዝም አለ። ቴስታታው በማሽን ተላገ፤ ጓርኒሲዮኑ ተለወጠ፤ ራዲያተሩ ግን የሚድን አልነበረም። አስቀድመን ጠርተነው ቢሆን ለብየዳ ብቻ በከፈልን ነበር፤ አሁን የከፈልነው የሦስት ወር ደመወዛችንን ነው።

እናታችን ስእለታቸውን አድርሰው ሲመለሱ አንድ ጠርሙስ ጸበል ይዘው መጡ። እኛንና ልጆቻችንን ከረጩ በኋላ፥ «ለመኪናይቱም ትንሽ ይጨመርላት» አሉ። መኪናይቱ ገና ጋራዥ መሆኗን ነገርናቸው። ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያስ ሠሪውን ጥሩልኝ» ብለው ጎረቤታችንን አስጠሩ። እርሳቸውም መጥተው፥ ባርኔጣቸውን አውልቀው፥ ጐንበስ አሉ። ጸበሉ በሽበታቸው ላይ ሲወርድ፥

«አደይ፥ ስለ በሶው ይቅር ይበሉኝ» አሉ።

«ስለ በሶውስ እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉ እናታችን፤ «እነዚያ ሰባቱ ብረቶች ግን የት ነው የሚገቡት?»