ጠረጴዛም ልምምድ ይፈልጋል!

ጥር 6 ቀን 2009 ዓ.ም. የሼህ መሐመድ ሁሴን አሊ አል አሙዲ ስታዲየም ሲመረቅ ወልድያ ደስታዋን የምታደርግበት ጠፍቷት ነበር። ከ25 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ ሜዳ፣ ዋናው ሊግ ውስጥ ያለ ክለብ፤ ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? ደስታው ግን አልሰነበተም። በህዳር 2010 ከመቐለ ከተማ ጋር በነበረው ጨዋታ ሰበብ ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት አለፈ። በዚያው ዓመት ክለቡ ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፤ እስከ ታህሳስ 2014 ድረስም አልወጣም።

ትምህርቱ ግልጽ ነው። ሜዳ ብቻውን ስፖርተኛ አያደርግም። መንገድ ሲዘጋ፣ በጀት ሲጠፋ፣ ሊግ ሲቋረጥ የወልድያ፣ የመርሳና የሐብሩ ወጣት ምን ይዞ ይቆያል? መልሱ እዚያው አጠገቡ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ።

ዳማ የማያውቅ የሰፈር ልጅ የለም። ቆርኪ ይደረደራል፣ ጥላ ይፈለጋል፣ ከሁለቱ ተጫዋቾች ይልቅ ዙሪያውን የቆመው “አሰልጣኝ” ይበዛል! ካርታውም ቼዙም እንደዚያው ነው። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፤ መጫወትና ለውድድር መዘጋጀት አንድ አይደሉም። ሰፈር ውስጥ ኳስ የሚያንቀረቅብ ሁሉ ለክለብ እንደማይሰለፍ ሁሉ፣ ሰፈሩን ያሸነፈ ሁሉ ውድድር አይችልም።

ጃፓኖችን እንይ። ሪቺ ማህጆንግ የሚባል ጨዋታ አላቸው። አራት ሰው ጠረጴዛ ከቦ በ136 ጠጠሮች ይፋለማል። የዓለም ሻምፒዮናው እ.ኤ.አ. በ2017 ላስ ቬጋስ፣ በ2022 ደግሞ ቪየና ላይ ተካሂዷል። ለዚህ ውድድር የሚዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚይዘው ጠጠሩን ሳይሆን የውድድሩን ደንብ ነው፤ ደንቡ ከቦታ ቦታ ይለያያልና። ነጥብ በጭንቅላቱ ማስላት ይለማመዳል። ከሁሉም በላይ መከላከል ይማራል። ተጋጣሚው “ሪቺ” ብሎ አንድ ሺህ ነጥብ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠ ለማሸነፍ አንድ ጠጠር ብቻ ቀርቶታል ማለት ነው። ያኔ ጎበዝ ተጫዋች የራሱን ጥቃት ትቶ ጎሉን ይዘጋል። የኳስ አፍቃሪ ይሄን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም!

ሌላም ነገር አለ። ማህጆንግ ጃፓን ውስጥ ስሙ ከቁማር ጋር ሲነሳ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተመሠረተው የፕሮፌሽናሎች ሊግ፣ ኤም ሊግ፣ መጀመሪያ ያደረገው ተጫዋቾቹን ከቁማር ማራቅ ነው። የውርርድ ቤት ደጃፍ ላይ ቲኬት ይዞ የሚውለው ወጣት በበዛበት በዚህ ዘመን ይሄ ለኛም መልእክት አለው። ውርርድ ያለበት ጠረጴዛ ስፖርት አይደለም።

“ይሄ ደግሞ ስፖርት ነው እንዴ? ላብ የለው!” የሚል አይጠፋም። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ለዓለም የቼዝ ፌዴሬሽን እውቅና ሰጥቷል። ለኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ ባዕድ አይደለም። የድሮው ሰንጠረዥ “ወረራ” በሚሉት አጀማመር ይታወቃል፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ።

የዛሬው ቼዝ ግን ወረራ አያውቅም። የነኩትን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው። ሰዓት አለ፤ ጠጠሩ እያለህ ጊዜህ ካለቀ ተሸነፍክ። በረጅሙ ጨዋታ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ይመዘገባል። ስልክ ይዞ መገኘት ጨዋታውን ሊያስነጥቅ ይችላል። የሰፈሩ ጀግና ውድድር ላይ የሚወድቀው ስለማይችል አይደለም፤ እነዚህን ስላልለመዳቸው ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? የዞኑና የሐብሩ ወረዳ ስፖርት ኃላፊዎች ብዙ ብር አይጠየቁም። ጥቂት ቦርድ፣ ጥቂት ሰዓት፣ ደንቡን የሚያውቅ አንድ ዳኛ፤ በቃ። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ መርሳም ላይ ካምፓስ አለው፤ ተማሪዎቹ የከተማውን ልጆች ቢያሰለጥኑ ምን ይጎድልባቸዋል? በየሳምንቱ ቅዳሜ የሚካሄድ፣ ውጤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ ውርርድ የሌለበት የትምህርት ቤቶች ውድድር ይጀመር። ተጫዋቹም የተሸነፈባቸውን ጨዋታዎች ደብተር ላይ ይጻፍ፤ ከአሸናፊነት ይልቅ ስህተት ያስተምራል።

ስታዲየሙን ማንም አይጠላም፤ ወልድያም አንድ ቀን ወደ ትልቁ ሊግ ትመለስ ይሆናል። እስከዚያው ግን ወጣቱ ቁጭ ብሎ አይጠብቅ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ቁጭ ብለው ለሚጫወቱትም ቢሆን ትጥቁ የሚጠብቀው ቀደም ብሎ ነው!