ደመወዝ የሌለው ተዋናይ

የሐዋሳን ውበት የሚያስተዋውቁ ጽሑፎች አሞራ ገደልን ዘወትር «የቱሪስት መስህብ» ይሉታል። አጠራሩ የተሳሳተ ነው፤ ስሕተቱም የቃል ብቻ ሆኖ አይቀርም። አሞራ ገደል ከሁሉ አስቀድሞ የሥራ ቦታ ነው። ሌሊቱን በሐይቁ ላይ ያሳለፈ አስጋሪ ጎሕ ሲቀድ ጀልባውን ከዳር አስጠግቶ መረቡን ያራግፋል፤ ልጆች ቅርፊት ይፍቃሉ፣ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ፤ ጥሬውን በዳጣ የሚወድ በቆመበት ይበላል፤ አባ ኮዳውም ትራፊውን ለመሻማት ያንን ራቁት አንገቱን አስግጎ ይጠብቃል። ጎብኚው ካሜራውን አንግቶ የሚመጣው ይህን ሊያይ ነው። ሥራው ባይኖር ትርኢትም የለም።

ታዲያ ትርኢቱ የማን ነው? በቴአትር ቤት ተዋናይ ድርሰቱን አጥንቶ ይወጣል፤ መጋረጃው ሲዘጋ የመድረኩን ልብስ አውልቆ፣ ደመወዙን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የአሞራ ገደሉ አስጋሪ ግን ሳይጠየቅ ተዋናይ ተደርጓል። በር ላይ የመግቢያ ዋጋ ይከፈላል፤ የእርሱም ምስል የከተማዋ ማስታወቂያ ይሆናል፤ እርሱ የሚኖረው ግን በዓሣው ዋጋ ነው፤ ያውም ዓሣ በተገኘ ቀን።

«ቱሪዝም እንጀራ ይፈጥራል» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዓሣ ጠባሹም፣ ሾርባ ሻጯም፣ ጎብኚ በጀልባ የሚያንሸራሽረውም ከዚያው ይኖራሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ እንጀራ በአንድ ዓሣ ጀርባ ላይ የተጫነ ነው። የቆሮሶ ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ጎድጓዳ ጎጆ ይምሳል፤ ሴቲቱም እንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። መራቢያው የሐይቁ ዳርቻ ነው፤ ዳርቻውን ደግሞ መዝናኛውም፣ ሆቴሉም፣ ማሳውም ይሻሙበታል። 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋው ይህ ሐይቅ ጥቁር ውኃ ወንዝን ይቀበላል እንጂ ከእርሱ የሚወጣ ወንዝ የለም፤ ከከተማና ከፋብሪካ የገባ ቆሻሻ መሄጃ የለውም። ከዚህ ሁሉ በኋላ የዓሣው መመናመን ሲነሣ ጣት ቀድሞ የሚቀሰረው ዓይነ ጠባብ መረብ በያዘው ድሃ ላይ ነው! መረቡ ጥፋት መሆኑ አያከራክርም፤ ገና ያልደረሰውን ጫጩት ጠርጎ ያወጣል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከወጣም ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል። ነገር ግን የዓሣውን መራቢያ በግንብ ያጠረ ባለሀብት ከአስጋሪው በምን ይሻላል?

ዓሣው ካለቀ ምን እንደሚቀር ለማወቅ ወደ ካሊፎርኒያዋ ሞንተሬይ ከተማ መመልከት ይበቃል። ጆን ስታይንቤክ በ1945 እ.ኤ.አ. ባሳተመው «ካነሪ ሮው» በተሰኘው ልቦለዱ ሰርዲን በጣሳ የሚታሸግባቸውን ፋብሪካዎች ጎዳና ለዓለም አስተዋወቀ። ብዙም ሳይቆይ ሰርዲኑ ተሟጠጠ። በ1958 ጎዳናው በመጽሐፉ ስም ተሰየመ፤ የመጨረሻው ፋብሪካ በ1973 ተዘጋ፤ በ1984 በዚያው ፋብሪካ ቦታ ላይ ዓሣ በመስተዋት ውስጥ የሚታይበት አኳሪየም ተከፈተ። ጎብኚ ይጎርፋል፤ የሚያየው ግን የሥራን ጥላ ነው።

ወቀሳው ከኪነ ጥበብ ሰዎችም አይርቅም። ሐይቁ በዘፈንና በሥዕል የፍቅረኞች መስተዋት ሆኖ ቀርቷል፤ ጀልባው የጀንበር መጥለቂያ ማስጌጫ፣ አስጋሪው ፊት የሌለው ጥቁር ጥላ። (አባ ኮዳው እንኳ ፊቱን አስነሥቷል!) መረብ በስንት እንደሚገዛ፣ ዕዳ ያለበት አስጋሪ ባዶ ጀልባ ይዞ ሲመለስ ምን እንደሚል የሚናገር ተውኔት ወዴት አለ?

ከመግቢያው ገቢ የታወቀ ድርሻ ለአስጋሪዎቹ ማኅበራት ይመደብ፤ በእርሱም ሕጋዊ መረብና ዓሣ ማቆያ በረዶ ቤት ይገዛ። ደንገልና ቄጠማ የቀረበት ዳርቻ ለቆሮሶ መራቢያ ተለይቶ ይከለል፤ ጠባቂዎቹም አስጋሪዎቹ ራሳቸው ይሁኑ። ሒሳቡ በየሩብ ዓመቱ ተጽፎ በአሞራ ገደል በር ላይ፣ ከመግቢያው ዋጋ ጎን ይለጠፍ።