ጓሳን የጠበቀው ማን ነው?

ስለ ተፈጥሮ ጥበቃ በተነሣ ቁጥር ወደ ብዙዎቻችን አእምሮ የሚመጡት አጥር፣ ዘበኛና አዋጅ ናቸው። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ግን ከዚህ የተለየ ታሪክ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3200 እስከ 3700 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱም 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው ይህ ምድር ለዘመናት የተጠበቀው በራሳቸው በተጠቃሚዎቹ ነው።

እንደ አገሩ ትውፊት፣ በ17ኛው መቶ ዘመን አስቦና ጌራ የተባሉ አቅኚ አባቶች ሣሩን ከእርሻው ለዩት። ዘሮቻቸውም ቀሮ በተባለው ሥርዓት፣ በመረጡት አባ ቀራ እየተመሩ፣ ምድሩን ለሦስት፣ አንዳንዴም ለአምስት ዓመት ይዘጉት ነበር። በበጋ ሲከፈት ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለጌሳ ይታጨዳል፤ ከብትም ይሰማራበታል፤ ክረምቱ ሲገባ መልሶ ይዘጋል። ሥርዓቱን እንከን የለሽ አድርገን ልናቀርበው አንሻም። መብቱ በዘር ሐረግ የሚወረስ ስለ ነበረ፣ አጠገቡ እየኖረ ሣሩን በዓይኑ ብቻ የሚያይ ጎረቤትም ነበር። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ይህን ልዩነት አስቀረ፤ ነገር ግን ከልዩነቱ ጋር ከልካዩም ቀረ። ከዚያ በኋላ ሣሩ ያለ ዕረፍት ይታጨድና ይጋጥ ጀመር። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ በኮሚቴና በመተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን መልሶ ያቋቋመው ይህን ጉዳት አይቶ ነው።

አሁን ደግሞ የአየር ንብረት ለውጥ ተጨምሯል። ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ሙቀት በአማካይ 0.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ አየሩ በ1 ዲግሪ ቢሞቅ፣ ውርጭ ይከለክለው የነበረው የገብስ ማሳ ከ150 ሜትር በላይ ሽቅብ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። በልግ የከዳው ገበሬ ወደ ላይ ቢመለከት አንፈርድበትም። ሣሩ ሲታረስ ግን በሣሩ ውስጥ የሚኖሩት አይጦች ይጠፋሉ፤ አይጦቹን የሚመገበው ቀይ ቀበሮም መሸሻ የለውም፤ ከጫፉ በላይ ተራራ የለምና። በመላ አገሪቱ የቀሩት ጎልማሳ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንደማይሞሉ ይገመታል።

አንዳንዶች መፍትሔው ማጭድንና ከብትን ጨርሶ ማገድ ነው ይላሉ። እኛ አንስማማም። መንዜው ጓሳን የጠበቀው ስለሚያጭደው ነው፤ ማጨዱን ከተከለከለ ለማን ብሎ ይጠብቃል? ይልቁንስ ጥያቄው ስንት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ የሚለው ነው። የጥንቱ ሦስትና አምስት ዓመት የተለካው በጥንቱ ዝናብ ነው። ዝናቡ ሲዛባ ሣሩ ታጭዶ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ በመደብ ተከፍሎ፣ በየዓመቱ መለካት አለበት። ለዚህ ሥራ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሜትር፣ ሚዛን፣ የዝናብ መለኪያና ትዕግሥት ይበቃሉ። እኛ የሳይንስ ሰዎች ቀበሮውን ለመቁጠር ብዙ ደክመናል፤ ለሣሩ የሰጠነው ጊዜ ግን አነስተኛ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የምትፈልጉ የባዮሎጂና የጂኦግራፊ ተማሪዎች ወደ መንዝ ስትወጡ፣ መደባችሁን ከመከለላችሁ በፊት ሽማግሌዎቹን ሣሩ መድረሱን በምን እንደሚያውቁ ጠይቋቸው።