የራስን ዘፈን በሌላ ሰው ጆሮ ማስመዘን

ሰው የራሱን ፊት ለማየት መስተዋት ያሻዋል፤ የራሱን ሥራ መልክ ለማወቅም የባልንጀራው አስተያየት ያሻዋል። ይህ ነገር በእርሻም፣ በንግድም፣ በጽሕፈትም እውነት ነው፤ ይልቁንም በዘፈን ሥራ እውነትነቱ ይበረታል። ጆሮ አንድን ድምፅ በደጋገመ ቁጥር እየለመደው ይሄዳልና፣ በመጀመሪያው ቀን የጎረበጠው ነገር በሦስተኛው ቀን ይለሰልስለታል፤ በሳምንቱም ያማረ ይመስለዋል። እንዲህ በሆነ ጊዜ ጉድለቱ ጠፋ ማለት አይደለም፤ የጠፋው ጉድለቱን የሚሰማው ጆሮ ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን ምክንያት በዛሬው ጊዜ ብዙ ወጣቶች በየቤታቸው ሆነው ዘፈን ለመቅዳት መቻላቸው ነው። ቀድሞ ነገሩ እንዲህ ቀላል አልነበረም። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ግድም ዜማቸውን በሸክላ ያስቀዱት ወደ ጀርመን አገር በሄዱበት ጊዜ ነበር። ከ60 ዓመት በኋላም አቶ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. በግላቸው ሸክላ ማሳተም ሲጀምሩ፣ ከጠቅላይ ግዛት የመጣ ዘፋኝ ድምፁን ለማስቀዳት አዲስ አበባ መግባት ነበረበት። ዛሬ ግን አንድ ስልክ፣ አንድ ማይክሮፎንና አንድ የጆሮ ማዳመጫ ያለው ወጣት በተወለደበት ቤት ተቀምጦ ዘፈኑን ይቀዳል፤ በዚያው ሌሊትም ለዓለም ሁሉ ያሰማል። ይህ ታላቅ ዕድል ነው እንጂ የሚነቀፍ ነገር አይደለም።

ነገር ግን ከዕድሉ ጋራ አንድ ጉዳት አብሮ መጥቷል። ወደ ስቱዲዮ የሚሄድ ዘፋኝ ከመሣሪያው ጋራ ሰዎችንም ያገኝ ነበር። ድምፁን የሚቀዳለት ባለሙያ፣ ዜማውን የሚያቀናብርለት፣ ክራሩንና ማሲንቆውን የሚመታለት ሁሉ በመካከሉ «ይህ አልተሰማም፤ ይህ በዛ፤ ይህ ይደገም» ይሉት ነበር። በቤቱ ብቻውን የሚቀዳ ሰው ግን ዘፋኝም፣ ቀጂም፣ አቀናባሪም፣ ዳኛም እርሱ ራሱ ነው። ከሳሽና ዳኛ አንድ ሰው የሆነበት ችሎት ፍርዱ እንደማይቀና ሁሉ፣ ዘፋኝና መርማሪ አንድ ሰው የሆነበት ዘፈንም ሚዛኑ ሊጓደል ይችላል።

የአባቶቻችን ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነበር። አዝማሪው በሰው ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ አድማጩ ግጥም ይሰጠዋል፤ ቃሉ ያልተሰማ እንደ ሆነ የተቀመጠው ሰው ፊት ወዲያው ይነግረዋል። በራያ ቆላም በሠርግና በበዓል ከበሮ ሲመታ፣ የሚያወርደውና የሚቀበለው ሕዝብ ፊት ለፊት ስለሚተያይ፣ ከበሮው ከዘፈኑ ቃል በላይ የጮኸ እንደ ሆነ መቺው ከተቀባዮቹ ፊት ያውቀዋል። ስለ ቅኔም ያየን እንደ ሆነ፣ በዚሁ በሰሜን ወሎ ስመ ጥር በሆነው በዋድላ ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ በልቡ ይዞ አይቀርም፤ ለመምህሩ ወይም ለአስነጋሪው ይነግራል፤ ስሕተቱም ይታረምለታል። ይህን ለመታረም መቀመጥ ውርደት ነው የሚል ተማሪ የለም።

እንግዲህ ነገሩን ወደ ጎብዬ እናምጣው። ጎብዬ በሰሜን ወሎ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዐቢይ መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። አንድ የጎብዬ ወጣት የአያቱን ዘፈን ለማቆየት አስቦ ከበሮውን፣ ማሲንቆውንና ድምፁን በየተራ በቤቱ ቀዳ እንበል። ከዚህ በኋላ የሚቀረው፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ሚክስ የሚባለው፣ ለየብቻ የተቀዱትን ድምፆች መጥኖ የማዋሐድ ሥራ ነው። ወጣቱ ይህን ሥራ በስልኩ ድምፅ ማጉያ እየሰማ ያከናውናል። የስልክ ማጉያ ትንሽ በመሆኑ ወፍራሙን የከበሮ ድምፅ አሟልቶ አያሰማም፤ ስለዚህ ከበሮው ያነሰ መስሎት ከፍ ያደርገዋል፤ ደግሞም ከፍ ያደርገዋል። ዘፈኑ ከቤት ወጥቶ በአውቶቡስና በቡና ቤት ትልቅ ማጉያ የተሰማ ዕለት ከበሮው እንደ ጎርፍ መጥቶ የማሲንቆውንም የሰውንም ድምፅ ይውጠዋል።

ደግሞ ከዚህ የሚከፋ አለ። ዘፋኙ የግጥሙን ቃል በልቡ ያውቀዋል። በሙዚቃው ውስጥ ቃሉ ተሸፍኖ ቢቀር እንኳ አእምሮው ከራሱ እየሞላ ያሰማዋል፤ በእውነት የሰማ ይመስለዋል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እንግዳ ግን የሚሞላበት ነገር ስለሌለው፣ የሚደርሰው ድምፅ እንጂ ነገር አይደለም። ይህም በአማርኛ ዘፈን ላይ የሚያመጣው ጉዳት ቀላል አይደለም። ቋንቋችን ፊደሉ በሚጠብቅና በሚላላ ጊዜ ትርጉሙን የሚለውጥ ነው፤ «አለ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነገር ተናገረ ማለት ነው፤ ጠብቆ ሲነገር ይገኛል ማለት ነው። ሪቨርብ የሚሉት፣ እንደ ገደል ማሚቶ የሚያስተጋባው የድምፅ ማስዋቢያ ያለ ልክ ሲበዛ፣ የጠበቀውና የላላው ይደባለቃል። ሰሙ ከተደባለቀ ወርቁን ማን ያገኘዋል? ይልቁንም አማርኛ፣ ትግርኛና ኦሮምኛ ሲጎራበቱ በኖሩበት በራያ ምድር፣ ከአንድ ዘፈን ውስጥ የጠፋ አንድ ቃል ሌላ ቦታ የማይገኝ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ መድኃኒቱ ዘፈኑ ወደ አደባባይ ከመውጣቱ አስቀድሞ በሌላ ሰው ጆሮ ማስመዘን ነው። ነገር ግን አስተያየት መጠየቅም እንደ ሌላው ሙያ ሁሉ ጥበብ ያስፈልገዋል። «እንዴት ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው «ጥሩ ነው» የሚል መልስ ያገኛል፤ ከዚህም መልስ የሚጠቀመው ነገር የለም። ዘፈኑን ከዚህ በፊት ላልሰማ ሰው አሰምቶ «ከሁለተኛው አዝማች ውስጥ የሰማኸውን ቃል ንገረኝ» ብሎ የጠየቀ ግን፣ ቃሉ መሰማቱንና አለመሰማቱን ያለ ጥርጥር ያውቃል። «ከሁሉ በላይ የጮኸብህ የትኛው ነው? የጠፋብህስ? ጆሮህን የወጋህ ቦታ አለን?» ብሎ ለይቶ መጠየቅ ደግሞ፣ የሙዚቃ ትምህርት የሌለውን ገበሬና ነጋዴ እንኳ ጥሩ መካሪ ያደርገዋል።

የሚያዳምጡትም ሰዎች ልዩ ልዩ ቢሆኑ ይሻላል፤ አንዱ ሙያውን የሚያውቅ፣ ሁለተኛው የዘፈኑን ወግ የሚያውቅ ሽማግሌ ወይም ባልቴት፣ ሦስተኛው ምንም የማያውቅ መንገደኛ ይሁን። የሚሰማበትም መሣሪያ እንዲሁ ይለያይ፤ በጆሮ ማዳመጫ፣ በስልክ፣ በባጃጅና በቡና ቤት ማጉያ ይሞከር። ሁለት ዓይነት ሚክስ አቅርቦ ለማስመረጥ የፈለገ ሰው ደግሞ የሁለቱን ጩኸት እኩል ያድርግ። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት በ1933 እ.ኤ.አ. እንዳስረዱት፣ የድምፅ ኃይል ሲቀንስ ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ አሳንሶ ይሰማል፤ ኃይሉ ሲጨምር ግን ወፍራሙ ይሞላለታል። ስለዚህ ከሁለቱ የጮኸው ብቻውን የተሻለ ይመስላል፤ ፍርዱም ይጣመማል። በጩኸት ማሸነፍ እንኳ ብዙ አያዛልቅም፤ ዩቲዩብ ከልክ በላይ የጮኸውን ዘፈን በራሱ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ያሰማልና።

የተሰጠው አስተያየት ሁሉ ደግሞ አይፈጸምም። አንዱ ከበሮ ይወዳል፤ ሌላው ማሲንቆ ይወዳል፤ ይህ የፍላጎት ነገር ነው። ሳይነጋገሩ ሦስት ሰዎች «በዚህ ቦታ ቃሉ አልተሰማኝም» ያሉ እንደ ሆነ ግን፣ ይህ የፍላጎት ነገር መሆኑ ቀርቶ የምስክር ቃል ሆኗል። እንዲህ ያለውን ተቀብሎ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጦ፣ አንድ ቀን አሳድሮ እንደገና ማዳመጥ የብልህ ሥራ ነው።

እስካሁን የተናገርነው ስለ ጠያቂው ነው፤ አሁን ደግሞ ስለ ተጠያቂው እንናገር፤ ትልቁ ጥፋት ያለው ከዚህ ዘንድ ነውና። በአገራችን ይሉኝታ የሚባል መልካም ጠባይ አለ፤ ነገር ግን ያለ ቦታው ሲገባ ይጎዳል። ጓደኛው ዘፈኑን ሲያሰማው ቃሉ እንዳልተሰማው እያወቀ፣ ቅር እንዳይለው ብሎ «በጣም ያምራል» የሚል ሰው ደግ ይመስላል እንጂ ደግ አይደለም። ጓደኛውን በአንድ ሰው ፊት ከማፈር አድኖ፣ በሺሕ ሰው ፊት እንዲያፍር አሳልፎ ሰጥቶታልና። «ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረቱ፤ እውነት ነው፣ ዝምታው አይነቅዝም፤ የሚነቅዘው ሳይታረም የቀረው ሥራ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አራሚ መስሎ የሚሳደብ፣ የሰውን ትጋት በአንድ ቃል የሚያዋርድ አለ። ይህም ከፊተኛው አይሻልም፤ የተሰደበ ሰው ከመታረም ይልቅ መደበቅን ይማራልና። እውነተኛ መካሪ መልካሙን ስሙን ጠርቶ ያመሰግናል፤ ጉድለቱንም ቦታውን አመልክቶ ይናገራል።

«ይህ ሁሉ ምርመራ የቤቱን ለዛ አያጠፋውምን? ዘፈኑንስ እንደ ከተማ ዘፈን አንድ ዓይነት አያደርገውምን?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በቤታቸው ሆነው በካሴት የቀዱት ዘፈን፣ እርሳቸው በ2015 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ በ2016 ዓ.ም. ታትሞ ወጥቷል። የስቱዲዮ ጥራት የለውም፤ የቤታቸው ድባብ አብሮ ይሰማል፤ ሆኖም ሰሚው የወደደው እንዲያው በዚያው መልኩ ነው። ከዚህ የምንማረው መታረም አያስፈልግም ብለን አይደለም፤ ጉድለትና ጠባይ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ነው እንጂ። በግቢው የምትጮህ ዶሮ፣ የአያት የሻከረ ድምፅ፣ የተቀባዮቹ እልልታ የዘፈኑ ጠባይ ናቸው፤ ቢጠፉ ዘፈኑ ይጎዳል። ቃሉን የሚሸፍን ከበሮ ግን ጉድለት ነው። ሁለቱን ለመለየትም ያው የሌላ ሰው ጆሮ ያስፈልጋል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆን ነገር ራያ ሩቅ ሳይሄድ በማሽላው እርሻ ያገኛል። አቀንጭራ የሚባለው አረም የማሽላውን ሥር እየመጠጠ ገበሬውን ሲያስቸግር በኖረ ጊዜ፣ አረሙን የሚቋቋሙ ሁለት የማሽላ ዝርያዎች በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ለኢትዮጵያ ገበሬ ተለቀቁ፤ የአንደኛው ስም አብሽር፣ የሁለተኛው ስም ጎብዬ ተባለ። በዚህ ምርምር የደከሙት ሊቅ ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታም በ2002 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበሉ። ዝርያ የሚባል ነገር በአንድ ሰው ጓሮ አምሮ ስለ ታየ ብቻ ለሕዝብ አይለቀቅም፤ በልዩ ልዩ መሬት ተዘርቶ፣ በብዙ ዓይን ታይቶ፣ ያልቀናው ተጥሎ ነው የሚለቀቅ። ለዘር ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፣ ለዘፈን ጥቂት አድማጮችን መሰብሰብ እንዴት ይበዛል?

ዘፈንም ዘር ነውና። ዛሬ በጎብዬ የተቀዳው ዘፈን ነገ በሌላ አገር ያለ የራያ ልጅ የአያቱን ቋንቋ የሚማርበት ይሆናል። ቃሉ ተሸፍኖ ከወጣ ልጁ የተሸፈነውን ይዞ ያድጋል፤ ዘፈኑን የሚያውቁት ሽማግሎች ካለፉም በኋላ የሚያርመው አይገኝም። ስለዚህ የዘፈኑን ወግ የሚያውቁ አረጋውያን ዛሬ በሕይወት ሳሉ መጠየቅ ይገባል። በቆቦና በጎብዬ ያሉ ትምህርት ቤቶችና የባህል ሠራተኞችም ወጣቶች ያልወጣ ዘፈናቸውን የሚያሰሙበት፣ ሽማግሎችም የሚያርሙበት አንድ የማዳመጫ ምሽት በየወሩ ቢያዘጋጁ ወጪው የቡና ያህል ነው፤ ጥቅሙ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል።

ዘፋኙ ለመጠየቅ አይፈር፤ አድማጩም «እውነቱን ተናግሮ እመሸበት ማደር» የተባለውን አስቦ ለመናገር አይፍራ። ዘፈን በአንድ ሰው ጉሮሮ ይጀመራል፤ የሚጸናው ግን በብዙ ሰው ጆሮ ነው።