ካንሰር አይደለም ማለት ይቆይ ማለት አይደለም

ጥርባ የሚኖሩት አክስቴ ጀርባቸውን ሲያማቸው ማናችንም አልደነገጥንም። እንጨትና ውሃ ሲሸከሙ የኖሩ ሴት ናቸውና «ሸክሙ ነው» አልን። ወጌሻ አሻቸው፣ ማስታገሻ ወሰዱ። ሕመሙ ግን ሲሠሩ ሳይሆን ሌሊት ሲተኙ ይብስባቸው ነበር። እየቆየ ጫማቸው ከእግራቸው ሲወልቅ አይታወቃቸውም ጀመር።

ባሕር ዳር ወስደን በኤም አር አይ ሲታዩ አከርካሪያቸው ውስጥ እጢ ተገኘ። ሐኪሙ «ካንሰር አይመስልም» ሲሉን እፎይ ብለን «እንግዲያው ቀዶ ሕክምናው ከመስቀል በኋላ ይሁን» ተባባልን። እኔ የማርኬቲንግ ሠራተኛ ነኝ፤ ደስ የሚል ቃል ሰውን እንዴት እንደሚያዘናጋ ማወቅ ነበረብኝ።

ሐኪሙ አቋረጡን። እንዲህ ያለው እጢ ወደ ሌላ አካል አይዛመትም። ሕብለ ሰረሰር የሚያልፍበት የአጥንት ቦይ ግን ጠባብ ነው፤ እጢው ባደገ ቁጥር ነርቩን ይጫናል። ጫናው ከቆየ ደግሞ የደከመ እግር ላይመለስ ይችላል።

ከእነዚህ እጢዎች ሽዋኖማ ከነርቭ ሽፋን ይነሳል። ማኒንጂዮማ ደግሞ ሕብለ ሰረሰርን ከሚሸፍነው ስስ ሽፋን ይነሳል፤ ይበልጥ የሚታየውም ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ላይ ነው። ሁለቱም ብዙ የማያጋጥሙ ናቸው።

ሕክምናው አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1887 ለንደን ውስጥ ቪክቶር ሆርስሊ እንዲህ ያለ እጢ አውጥተው፣ እግሮቹ የከዱት አንድ ካፒቴን ዳግም ተራምዷል። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ቤርገን ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ያሠለጥናል።

ሐኪሞቹ ከጀርባ በኩል ጥቂት አጥንት አንስተው፣ በማይክሮስኮፕ እየታገዙ እጢውን ከነርቩ ይለያሉ። ኢንፌክሽን ወይም የነርቭ ጉዳት ሊያጋጥም ይችላል፤ እጢው ሙሉ በሙሉ ከወጣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ አይመጣም።

አክስቴ መስቀልን ያሳለፉት ቀዶ ሕክምናውን ጨርሰው ነው። ዛሬ በምርኩዝ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። የቀኝ እግራቸው ጣቶች ግን እስካሁን እንደደነዘዙ ናቸው፤ ያ የእኛ መዘግየት ዋጋ ነው።

አብዛኛው የጀርባ ሕመም እጢ አይደለም። ሌሊት የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ፣ እግር ከደነዘዘ ወይም ከደከመ ግን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ደግሞ በዚያው ቀን። አገር ቤት ላሉ እናትዎ ሲደውሉም «ጀርባሽ እንዴት ነው?» ብቻ ብለው አይዝጉ። «ሌሊት ይቀሰቅስሻል? መሬቱ ሲረገጥ ይታወቅሻል?» ብለው ይጠይቋቸው።