የክሬኖች ማደሪያና የመሬት አጠቃቀም ውሳኔዎች

ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ወራት ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አውራ ጎዳና የሚጓዝ መንገደኛ ፎገራ ሜዳ ላይ ሲደርስ፣ ሩዝ በታጨደበት ማሳ ውስጥ በቡድን በቡድን ሆነው የወደቀ እህል የሚለቅሙ ግራጫ ቀለም ያላቸው ረጃጅም ወፎችን ያያል። ብዙ ሰው ሽመላ ይላቸዋል። ሽመላ ግን አይደሉም። በወፍ ጥናት ባለሙያዎች ዘንድ ክሬን በሚል ስም የሚታወቁ፣ ከሰሜንና ከምሥራቅ አውሮፓ ረግረጎች ተነስተው ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ አቋርጠው የሚመጡ የበጋ እንግዶች ናቸው። ስሙ ለአማርኛ አንባቢ የሕንፃ መሥሪያ ማሽን እንጂ ወፍ የማያስታውስ ቢሆንም፣ ማሽኑ መጠሪያውን ያገኘው ከዚሁ ባለ ረጅም አንገት ወፍ ነው።

በዓለም ላይ 15 የክሬን ዝርያዎች የሚገኙ ሲሆን፣ ከእነዚህ መካከል 6ቱ በአፍሪካ፣ 4ቱ ደግሞ በኢትዮጵያ ይታያሉ። ሁለቱ ስደተኞች ናቸው። እነርሱም በፎገራና በጣና ዙሪያ በብዛት የሚታየው የዩሬዥያ ክሬንና ይበልጡን በሱዳን ክረምቱን አሳልፎ በጥቂቱ ወደ ኢትዮጵያ ምዕራባዊ ክፍል የሚዘልቀው ዴሞይዜል ክሬን ናቸው። ሁለቱ ደግሞ እዚሁ ተፈልፍለው እዚሁ የሚኖሩ ናቸው። አንደኛው አናቱ ላይ እንደ ወርቅ ክር የቆመ ላባ ያለው ጥቁር ባለዘውድ ክሬን ሲሆን፣ ሁለተኛው ከአገጩ ሥር እንደ ጉትቻ የሚንጠለጠል ቆዳ ያለውና ቁመቱ ከ1 ሜትር ተኩል የሚበልጠው ዋትልድ ክሬን ነው። ሁለቱም ነዋሪ ዝርያዎች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ለአደጋ የተጋለጡ ተብለው ተመድበዋል።

ስለ ዱር እንስሳት ጥበቃ ሲነሳ በመሥሪያ ቤቶች ዘንድ ቀድሞ የሚታሰበው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከዋልያና ከቀይ ቀበሮ አንጻር አስተሳሰቡ ትክክል ነው። የክሬን ጉዳይ ግን ከዚህ ይለያል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ከሚራቡት ጥቂት የዋትልድ ክሬን ጥንዶች በስተቀር፣ በአገሪቱ የሚገኙት ክሬኖች የሚበዙቱ ኑሯቸውን የሚመሩት ከፓርክ ውጭ በገበሬ ማሳ፣ በወል ግጦሽ መሬትና በሐይቅ ዳር ረግረግ ነው። በመሆኑም የእነዚህ ወፎች ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው የዱር እንስሳት ባለሙያ ባልተቀመጠባቸው የግብርና፣ የመሬት አስተዳደር፣ የውሃና የኤሌክትሪክ ጽሕፈት ቤቶች ውስጥ ነው።

ለዚህ ምክንያቱ የወፉ የዕለት ተዕለት ልማድ ነው። የዩሬዥያ ክሬን ቀኑን በደረቅ ማሳ ላይ እየለቀመ ይውላል። ጀምበር ስትጠልቅ ግን ማሳው ላይ አያድርም። በሰማይ ላይ ተሰልፎ፣ ከሩቅ በሚሰማ ድምፅ እየተጠራራ ወደ ውሃ ዳር ይመለሳል፤ ጥልቀቱ እግሩን ብቻ በሚሸፍን ውሃ ውስጥ ቆሞም ያነጋል። የኋላ ጣቱ አጭርና ቅርንጫፍ ለመጨበጥ የማይመች በመሆኑ እንደ ሌሎች ወፎች ዛፍ ላይ ወጥቶ ሊያድር አይችልም። ጅብም ሆነ ቀበሮ በሌሊት ሲቀርበው የሚያስጠነቅቀው የውሃው እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ ለክሬን ማሳ ብቻውን ወይም ሐይቅ ብቻውን አይበቃም። ጥልቀት የሌለው ማደሪያ ውሃና በአጭር በረራ የሚደረስበት መመገቢያ መሬት ጎን ለጎን ሊገኙለት ይገባል። ጣናን ከአገሪቱ ዋና ዋና የክሬን ማረፊያዎች አንዱ ያደረገው ይኸው ነው፤ የርብ፣ የጉማራና የግልገል አባይ ወንዞች በክረምት ያጥለቀለቁት ሜዳ በበጋ ቀስ በቀስ ሲደርቅ ውሃውና ማሳው ተያይዘው ይገኛሉ።

ጥቁር ባለዘውድ ክሬን ከዘመዶቹ በአንድ ነገር ይለያል። የኋላ ጣቱ ረጅም ስለሆነ ዛፍ ላይ ማረፍና ማደር ይችላል። ሆኖም ጎጆውን የሚሠራው ረግረግ ውስጥ፣ ቄጠማና ደንገል መካከል በመሆኑ ከውሃ ጥገኝነት አላመለጠም። ዋትልድ ክሬን ደግሞ ከሁሉም የከፋ ሁኔታ ላይ ነው። አንድ ወይም ሁለት እንቁላል ይጥላል፤ የሚያሳድገው ግን አንድ ጫጩት ብቻ ነው። ያም ጫጩት መብረር እስኪችል ከ3 እስከ 5 ወራት በእግሩ ብቻ እየተከተለ መቆየት አለበት። በዓለም ላይ ያሉት ዋትልድ ክሬኖች ከ10 ሺህ በታች እንደሚሆኑ የሚገመት ሲሆን፣ አብዛኞቹ የሚገኙት በዛምቢያ፣ በቦትስዋናና በሞዛምቢክ ነው። በኢትዮጵያ ያሉት በመቶዎች ብቻ የሚቆጠሩና ከደቡቦቹ ተነጥለው የሚኖሩ ናቸው። በመሆኑም እዚህ የጠፋውን ከዚያ የሚመጣ ወፍ አይተካውም። በባሌ፣ በሐዲያ የቦዮ ረግረግ፣ በካፋ ረግረጎችና በጣና ዙሪያ የሚታየው እያንዳንዱ ጥንድ ዋጋው ከዚህ አኳያ ሊታይ ይገባል።

ከአደን አንጻር አገሪቱ ዕድለኛ ናት ማለት ይቻላል። አርሶ አደሩ ክሬንን ለሥጋው አያድነውም፤ በአንዳንድ አካባቢዎችም መምጣቱ የወቅት መለወጥ ምልክት ተደርጎ ይታያል። አደጋው ያለው ከመሬቱ ነው። በፎገራ ሜዳ ሩዝ መመረት ከጀመረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የአካባቢውን አርሶ አደር ሕይወት መለወጡ፣ ወረታም የብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል መቀመጫ መሆኗ የሚታወቅ ነው። ሩዝ ራሱ የክሬን ጠላት አይደለም፤ እንዲያውም ከአጨዳ በኋላ የሚቀረው ቃርሚያ ወፉን ይቀልባል። ችግሩ የሚመጣው እርሻው ወደ መጨረሻዎቹ የወል ረግረጎች ሲገፋና ማደሪያው ውሃ ሲታረስ ነው። ውሃው በሸሸ ቁጥር ተከትሎ የሚዘራው የባሕር ሸሽ እርሻ፣ በረግረግ ዳር የሚተከለው ባሕር ዛፍ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ፣ በወንዞቹ ላይ የሚካሄዱ የመስኖ ሥራዎችም በየፊናቸው ያንኑ ጠባብ የውሃ ዳር ይሻማሉ። የፎገራ የወተት ከብት ዝርያም የኖረው በዚሁ የጎርፍ ሜዳ ግጦሽ ላይ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። ክሬኑን የሚያሳጣ ውሳኔ የከብቱን ሣርም ያሳጣል።

እዚህ ላይ የአሠራር ክፍተቱ በግልጽ ይታያል። ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገ በመሆኑ ትልቅ ግድብ ወይም ትልቅ የመስኖ ፕሮጀክት ቢያንስ በሰነድ ደረጃ ይመረመራል። በአንድ ቀበሌ ውስጥ ሥራ ለሌላቸው ወጣቶች የሚታደል ጥቂት ሄክታር የወል መሬት ግን አይመረመርም። ውሳኔው ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ዓላማውም የሚነቀፍ አይደለም። ይሁንና ረግረግ የሚያልቀው በዚህ መንገድ ነው። በሪፖርት ላይ መሬቱ «ጥቅም ያልሰጠ» ወይም «ጠፍ» ተብሎ ይሰፍራል፤ በዓመቱ ደግሞ «ወደ ልማት የገባ» ይባላል። ጎርፍ የሚያሰክን፣ ደለል የሚያስቀር፣ ደንገል የሚያበቅልና ከብት የሚያበላ መሬት በምን መስፈርት ጥቅም አልሰጠም እንደተባለ የሚጠይቅ ዓምድ በቅጹ ላይ የለም።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሁለት ነገሮችን ያሳያል። የመጀመሪያው ስምና ክብር ብቻ ወፍን እንደማያድን ነው። ጥቁር ባለዘውድ ክሬን የናይጄሪያ ብሔራዊ ወፍ ቢሆንም፣ በዚያች አገር ከሞላ ጎደል ጠፍቷል ለማለት ይቻላል። ሁለተኛው ልምድ ወደ ኢትዮጵያ በሚመጡት ወፎች መንገድ ላይ ያለችው የእስራኤል ነው። የሁላ ሸለቆ ረግረግ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ለእርሻ ሲባል ደርቆ ነበር። መሬቱ እንደተጠበቀው ባለመሆኑ ከፊሉ በ1994 እ.ኤ.አ. እንደገና በውሃ ተሞላ። ክሬኖቹ በአሥር ሺዎች ሲሰፍሩበት የኦቾሎኒ ገበሬዎች አቤቱታ አቀረቡ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ወፎቹን በአንድ ሥፍራ በቆሎ እየበተኑ ከማሳ ማራቅ ነበር። ዘዴው ለዓመታት ሠርቷል፤ በገበሬውና በወፉ መካከል የነበረውንም ጠብ አብርዷል። ነገር ግን በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. የወፍ ጉንፋን በሸለቆው ሲገባ ከ5 ሺህ በላይ ክሬኖች በሳምንታት ውስጥ ሞቱ። ወፎች በአንድ ሥፍራ ሲታጨቁ በሽታ ይቀልላቸዋል የሚል የለም። የጣና ዙሪያ ማደሪያዎች እየጠበቡ ክሬኖቹ በጥቂት ኩሬዎች እንዲከማቹ ከተገደዱ ተመሳሳይ ሥጋት እዚህም ይከተላል፤ ጉዳዩም የዶሮ እርባታን ስለሚነካ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ሥራ ይሆናል።

የገበሬው ቅሬታ በአገር ውስጥም እንግዳ አይደለም። ከሩዝ በኋላ በቀሪ እርጥበት የሚዘራ ጓያና ሽምብራ ገና ሲበቅል ወፉ ሲያርፍበት ገበሬው ልጆቹን ለጥበቃ ያሰማራል። ቅሬታውን በማቃለል የሚያልፈው ወገን ወፉን አይጠቅምም፤ ተስፋ የቆረጠ ሰው ወደ መርዝ ሊሄድ ይችላልና። በመርዝ የታሸ ዘር ክሬኖችን በጅምላ እንደሚገድል በአፍሪካም ሆነ በእስያ በተደጋጋሚ ታይቷል። የጸረ ተባይ ኬሚካል አጠቃቀምን የሚከታተለው የግብርና ባለሙያ በዚህ ረገድ ከማንኛውም የዱር እንስሳት ተቆጣጣሪ ይልቅ ለወፉ ቅርብ ነው።

ሌላው ብዙም የማይነሳው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ክሬን ከባድ ወፍ በመሆኑ በበረራ ላይ ቶሎ መታጠፍ አይችልም፤ ወደ ማደሪያው የሚመለሰውም በምሽት ስለሆነ ቀጭን ሽቦ አይታየውም። በደቡብ አፍሪካ የክሬኖች በሽቦ መሞት ዋና ችግር ሆኖ በመገኘቱ የአገሪቱ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኤስኮም ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከአንድ የዱር እንስሳት ጥበቃ ድርጅት ጋር በመተባበር በሽቦዎች ላይ ምልክት ማንጠልጠልን ጨምሮ ልዩ ልዩ እርምጃዎችን ወስዷል። በኢትዮጵያ የገጠር ኤሌክትሪክ በሚስፋፋበት ወቅት መስመሩ በማደሪያና በመመገቢያ መካከል እንዳያልፍ በዕቅድ ጊዜ ማየት፣ ከተዘረጋ በኋላ ከማስተካከል በእጅጉ ይቀላል።

የሕግና የስምምነት መሠረት የለም ማለት አይቻልም። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ወጥቷል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 የስደተኛ ዱር እንስሳት ስምምነትና የአፍሪካና የዩሬዥያ ስደተኛ የውሃ ወፎች ስምምነት አባል ሆናለች። በዚያው ዓመት የካፋ ደኖችና ረግረጎች፣ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋው የጣና አካባቢ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ሽመልስ አይናለም ከጀርመን የክሬን ባለሙያዎች ጋር በመሆን በጣና ዙሪያ ያካሄዱት ጥናትም የት እንደሚያድሩ፣ ምን እንደሚመገቡና የት ጎጆ እንደሚሠሩ አሳይቷል። የጎደለው በዩኒቨርሲቲ መደርደሪያና በወረዳ የመሬት መዝገብ መካከል ያለው ድልድይ ነው። ማደሪያ ሥፍራው በጥናት ወረቀት ላይ ስሙ ሰፍሮ በቀበሌው ካርታ ላይ ግን «የወል መሬት» ብቻ ሆኖ ይገኛል።

ይህን ማስተካከል ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ክሬኖች ለማደር የሚሰበሰቡት በየምሽቱ ነው፤ ተስማሚ ሆኖ እስከቆየ ድረስም በየዓመቱ ወደዚያው ሥፍራ ይመለሳሉ። በታኅሣሥና በጥር ጥቂት ምሽቶች ውሃ ዳር ቆሞ የሚቆጥር አንድ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ የወረዳውን ማደሪያዎች ለይቶ ማወቅ ይችላል። ለነዋሪዎቹ ዝርያዎች ደግሞ ቆጠራው በክረምትና በክረምቱ መውጫ መደገም አለበት። በዚያ ወቅት ጎጆ ያለበት ረግረግ ለጥቂት ሳምንታት ከአጨዳና ከግጦሽ እንዲያርፍ ማድረግ የሚቻለው መሬቱን የሚጠቀሙት አባወራዎች ራሳቸው በመተዳደሪያ ደንባቸው ሲስማሙበት ነው። ውጤቱ በቀበሌው የመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ መሥፈር ያለበት የባሕር ሸሽ መሬት ድልድል ከመጀመሩ በፊት ነው። ድልድሉ ካለቀ በኋላ የሚደርስ ካርታ የታረሰ መሬት ካርታ ይሆናል።